ዓርብ ጤነኛ፣ ሰኞ ሕመምተኛ፦ የሥነ ልቦና ባለሙያው በዋሽንግተን ችሎቶች

እ.ኤ.አ. በ1962 በዋሽንግተን ዲሲ ለሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ቀረበለት። የሕክምና ዲግሪ የሌለው ሰው ችሎት ፊት ቆሞ “ይህ ተከሳሽ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው” ብሎ ሊመሰክር ይችላል ወይ? ተከሳሹ ቪንሰንት ጄንኪንስ ይባላል። ሰው ቤት ሰብሮ በመግባትና አስገድዶ ለመድፈር በማሰብ ጥቃት በማድረስ ነበር የተከሰሰው። ጠበቃው ሦስት የሥነ ልቦና ባለሙያዎችን በምስክርነት አቀረበ፤ ሦስቱም ሰውዬው ስኪዞፍሬንያ እንዳለበት መሰከሩ። ዳኛው ግን ጉዳዩ ወደ ጁሪው ሲያመራ፣ እነዚህ ሰዎች ሐኪሞች ስላልሆኑ ስለ በሽታ የተናገሩትን ከቁም ነገር አትቁጠሩት የሚል መመሪያ ሰጡ።

ይግባኙ ሲታይ ሁለት የሙያ ማኅበራት ተፋጠጡ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከዳኛው ጎን ቆሞ፣ በሽታን መለየት የሐኪም ሥራ ነው ሲል ጻፈ። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ደግሞ ተቃራኒውን ጻፈ። ጉዳዩ በአንድ ሰው ዕጣ ላይ የተነሣ ይምሰል እንጂ፣ በጓሮ በር የገባ የእንጀራ ክርክርም ነበረበት። ዳኛ ዴቪድ ባዝሎን የጻፉት ውሳኔ የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹን ደገፈ። የዲግሪው ስም ብቻውን አይወስንም፤ ሰውዬው ምን ተማረ፣ ምን ዓይነት ልምድ አለው፣ ለተጠየቀው ጥያቄስ ጁሪውን የሚረዳ እውቀት ይዟል ወይ የሚለው ነው ቁም ነገሩ ተባለ። ዛሬ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ፎረንሲክ ሳይኮሎጂስት ተብሎ የሚጠራው ባለሙያ ለምስክርነት ሲቆም፣ የቆመበት መሬት በብዙ በኩል ይህ ውሳኔ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሙያውን ታሪክ ከዚያች ከተማ ሳይርቅ ለመከተል ይሞክራል። ዋሽንግተንን የመረጥኩት እኛ ብዙ ሆነን ስለምንኖርባት ብቻ አይደለም፤ ምንም እንኳ ከዚህ በታች የሚነሱት ቦታዎች ለብዙ አንባቢ የሰርክ መንገዱ ቢሆኑም። ሕጉ ከባለሙያው ጋር ደጋግሞ የተጋጨው፣ የታረቀውና እንደገና የተጣላው እዚያው ስለሆነ ነው። ዓመቶቹ፣ የኢትዮጵያን ሕግ ከምጠቅስበት ስፍራ በቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በጥር 1835 ሪቻርድ ሎውረንስ የተባለ ሥራ የፈታ ቀለም ቀቢ፣ ካፒቶል ደጃፍ ላይ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰንን ለመግደል ሽጉጥ ሳበ። ከሸፈበት። ሁለተኛውን ሳበ፤ እሱም ከሸፈ። ሽማግሌው ጃክሰን ከዘራቸውን ይዘው ወደ ሰውዬው ዞሩ። ሎውረንስ የእንግሊዝ ንጉሥ ሪቻርድ ሦስተኛ እኔ ነኝ ባይ ነበር። ዐቃቤ ሕጉ የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር የሆነውን ግጥም የደረሰው ፍራንሲስ ስኮት ኪ ነው። ጁሪው አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ተማክሮ በእብደቱ ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም አለ። ሎውረንስ ቀሪ ዕድሜውን በእብዶች መጠለያ ኖሮ፣ በመጨረሻ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ኮረብታ ላይ በተሠራው የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታል ሞተ። ያ ሆስፒታል በ1855 የተከፈተው፣ በኋላ ሴንት ኤልዛቤትስ የተባለው ነው።

በ1881 ደግሞ ቻርልስ ጊቶ እዚያው ዋሽንግተን፣ ባቡር ጣቢያ ውስጥ፣ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ተኮሰ። እግዚአብሔር አዝዞኝ ነው አለ። በችሎት ላይ ዘመረ፣ ተሳደበ፣ ከራሱ ጠበቃ ጋር ተጣላ። የዘመኑ ስመ ጥር የአእምሮ ሐኪሞች ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሹ እብድ ነው፣ ግማሹ ክፉ ነው እንጂ እብድ አይደለም እያሉ መሰከሩ። በ1882 ተሰቀለ። የሁለቱ ሰዎች አእምሮ ምን ያህል ይለያይ እንደነበር ለመናገር የሚደፍር ቢኖር ይናገር። እኔ የሚታየኝ ልዩነት ጃክሰን በእግራቸው ወደ ቤታቸው መሄዳቸው፣ ጋርፊልድ ግን መሞታቸው ነው። የሟች ክብደት በሚዛኑ ላይ ከሐኪሙ ቃል በላይ ሊከብድ እንደሚችል ያኔውኑ ታይቷል።

በሁለቱ መካከል ከለንደን የመጣ ሕግ አለ። በ1843 ዳንኤል ምናተን የተባለ ስኮትላንዳዊ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጸሐፊ ገድሎ በእብደት ነጻ ሲባል እንግሊዝ ተቆጣች፤ ዳኞችም ጠበቅ ያለ መለኪያ አወጡ። ተከሳሹ የሚያደርገውን ነገር ምንነት አያውቅም ነበር፣ ወይም ቢያውቅም ስሕተት መሆኑን አያውቅም ነበር ከተባለ ብቻ ነው የሚምረው። አሜሪካ ይህን መለኪያ ወርሳ ለመቶ ዓመት ያህል ተጠቀመችበት።

እስከዚህ ድረስ የሚመሰክሩት ሐኪሞች ናቸው። የሥነ ልቦና ሰው ወደ ችሎት የገባው በሌላ በር ነው፤ በአበደ ሰው ሳይሆን በዋሸ ሰው በኩል። ሁጎ ሙንስተርበርግ ከጀርመን መጥቶ ሃርቫርድ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። በ1908 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ምስክር አይቻለሁ ብሎ ምሎ የሚናገረው ነገር ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ጻፈ። በዚህ ትክክል ነበር፤ የዛሬ ምርምር የእርሱን ጥርጣሬ አጠናክሮታል። ችግሩ ጥርጣሬው ወደ ራሱ አለመዞሩ ነው። አይዳሆ ውስጥ በ1905 አንድ የቀድሞ አገረ ገዥን በቦምብ የገደለው ሃሪ ኦርቻርድ፣ ያዘዙኝ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር መሪዎች ናቸው ብሎ ተናዘዘ። ሙንስተርበርግ እስር ቤት ድረስ ሄዶ፣ ቃል እየሰጠ የመልሱን ፍጥነት በሰከንድ ክፍልፋይ እየለካ ፈተነውና ሰውዬው እውነት ይናገራል አለ። ይህም ገና ፍርድ ሳይሰጥ በጋዜጣ ወጣ። ጁሪው ግን የተከሰሰውን መሪ ነጻ አወጣ። የሕግ ሊቁ ጆን ዊግሞር ይህን ሁሉ ታዝቦ፣ በ1909 ሙንስተርበርግ በስም ማጥፋት ተከሶ የሚረታበትን ምናባዊ ችሎት ጽፎ በሕግ መጽሔት አወጣ። ሳቁ ከባድ ነበር፤ ሥነ ልቦናና ፍርድ ቤት ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተኳርፈው ቆዩ።

የሙንስተርበርግ ተማሪ የነበረው ዊልያም ማርስተን ግን አልተኳረፈም። ሕግም ሥነ ልቦናም የተማረ ሰው ነው፤ የሚዋሽ ሰው የደም ግፊቱ ይጨምራል የሚል እምነት ነበረው። እዚህ ላይ ነው ጄምስ አልፎንሶ ፍራይ የሚመጣው። ፍራይ የዋሽንግተን ጥቁር ወጣት ነው። በ1920 መጨረሻ የተገደለውን ሮበርት ብራውን የተባለ ጥቁር ሐኪም ገድለሃል ተብሎ ተያዘ፤ አመነ፤ ቆይቶም ያመንኩት ተታልዬ ነው ብሎ ቃሉን ካደ። ጠበቆቹ ወጣቶችና ድሆች ስለነበሩ የቀራቸው ተስፋ ማርስተን ነበር። ማርስተን በ1922 እስር ቤት ገብቶ ክንዱ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ጠምጥሞ ጠየቀው። ከግድያው ንጹሕ ነው ሲል ደመደመ። ዳኛው ማስረጃውን ሊሰሙ ፈቃደኛ አልሆኑም። ፍራይ በሁለተኛ ደረጃ ግድያ ጥፋተኛ ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

በታኅሣሥ 1923 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጉዳዩን በሁለት ገጽ ያህል ጽሑፍ ዘጋው። አንድም ቀደምት ውሳኔ ሳይጠቅስ፣ አዲስ ሳይንሳዊ ዘዴ ተቀባይነት የሚያገኘው በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ በአጠቃላይ የታመነበት ሲሆን ነው አለ። ይህች አጭር ጽሑፍ ለሰባ ዓመት ያህል የአሜሪካን የባለሙያ ምስክርነት ገዛች፤ በአንዳንድ ግዛቶች ዛሬም ትሠራለች። የሕግ ተማሪ ሁሉ ፍራይ የሚለውን ስም ያውቀዋል። ሰውዬው ግን እስከ 1939 ድረስ እስር ቤት ነበር፤ በአመክሮ ሲወጣ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ነበር። ማርስተን በበኩሉ በ1941 ዎንደር ውማን የተባለችውን የሥዕል ጀግና ፈጠረ። ጀግናዋ የታሰረበትን ሁሉ እውነት የሚያናግር የወርቅ ገመድ ይዛለች። ፍርድ ቤት ያልተቀበለውን መሣሪያ ለልጆች መጽሔት ሰጠው።

የእኛ አገር አንባቢ በዚህ ሊስቅ አይገባም። ሌባሻይን እናውቀዋለን። አንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ይጨስበታል፣ ወገቡን በመቀነት ታስሮ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። በአልጋ ወራሽ ተፈሪ ዘመን እንዲቀር እስከተደረገ ድረስ ሕግ ያወቀው ሥርዓት ነበር። የልጁ ገላና የፍራይ ክንድ በአንድ ሐሳብ የተሳሰሩ ናቸው፤ ሰው በአፉ የሚደብቀውን ገላ ያወጣዋል የሚል ሐሳብ። በዚያው አገር ደግሞ አፈርሳታ ነበር፣ በላ ልበልሃ ነበር። እነዚህ ሥርዓቶች ሰውን በንግግሩ፣ በጎረቤቱ ፊት ይፈትኑት ነበር። የዋሽንግተኑ ፍርድ ቤት በ1923 የመረጠው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል አንባቢ ይፍረድ። ምርጫው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የዕድሜ ልኩን ፍርድ የተሸከመው ግን ፍራይ ነው፤ ማርስተን በውጤቱ ተሳስቶ እንደሆነም ማንም አላረጋገጠም።

ዴቪድ ባዝሎን ወደዚያ ፍርድ ቤት የመጡት በ1949 ነው፤ ገና አርባ ዓመታቸው ነበር። ሰው ለምን ያጠፋል የሚለው ጥያቄ ከልባቸው የገባ ዳኛ ነበሩ። የምናተን መለኪያ ጠበበባቸው። ስለ ሰው አእምሮ አንድ መቶ ዓመት ሙሉ የተማርነውን ሁሉ ትቶ፣ ያውቅ ነበር አያውቅም ነበር ብሎ ብቻ መጠየቅ ለእርሳቸው ዓይንን ጨፍኖ መፍረድ ነበር። በ1954 ሞንቴ ዱረም በሚባል፣ ቤት ሰብሮ በመግባት በተከሰሰና ሴንት ኤልዛቤትስ ገባ ወጣ ይል በነበረ ወጣት ጉዳይ አዲስ መለኪያ አወጡ። ድርጊቱ የአእምሮ ሕመም ወይም ጉድለት ውጤት ከሆነ ተከሳሹ ተጠያቂ አይደለም። በቃ። ሐሳቡ ባለሙያዎች ችሎት መጥተው የሚያውቁትን ሁሉ በሰፊው ይንገሩን፣ ጁሪው የሰውዬውን ሕይወት ሰምቶ ይፍረድ የሚል ነበር።

የሆነው ሌላ ነው። ሐኪሞቹ የሰውዬውን ሕይወት አልተረኩም፤ ስም ሰጥተው ሄዱ። “ሕመም አለበት፤ ድርጊቱ የሕመሙ ውጤት ነው” ወይም “አይደለም” ማለት ብቻ ሆነ። ፍርዱ ሁሉ ሕመም በምትለው አንዲት ቃል ትርጉም ላይ ስለተንጠለጠለ፣ ቃሏን የሚተረጉመው ፈራጅ ሆኖ ቁጭ አለ። በ1957 የደረሰው ይህን ከማንኛውም ትንታኔ በላይ ያሳያል። አንድ የሴንት ኤልዛቤትስ ሐኪም ዓርብ ዕለት ችሎት ቀርቦ፣ ሶሲዮፓቲክ ስብእና ያለው ሰው የአእምሮ ሕመምተኛ አይባልም ሲል መሰከረ። ቅዳሜና እሁድ የሆስፒታሉ ኃላፊዎች አቋማቸውን ለወጡ። ሰኞ ጠዋት ያው ስብእና ሕመም ሆኖ አደረ። የተከሳሹ አእምሮ በሁለት ቀን ውስጥ አልተለወጠም፤ ያጠፋው ጥፋትም አልተለወጠም። የተለወጠው የመሥሪያ ቤት አሠራር ነው። ከዓርብ በፊት በዚያ ቃል የታሰሩ ሰዎች አዲስ ችሎት ይገባናል ብለው መጮኻቸው ታዲያ ምን ይደንቃል?

ባዝሎን ለመጠገን ሞከሩ። የ1962ቱ የጄንኪንስ ውሳኔም፣ እኔ እንደምረዳው፣ ከጥገናው አንዱ ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያው ፈተናውንና ልኬቱን ይዞ ሲገባ የሐኪሞቹ ብቸኛ ድምፅ ይሰበራል የሚል ተስፋ ነበረበት። በ1967 ደግሞ ባለሙያዎች ውጤት ነው፣ ውጤት አይደለም እያሉ እንዳይመሰክሩ ከለከሉ። በ1972 ይኸው ፍርድ ቤት የዱረምን መለኪያ ሙሉ በሙሉ ጣለው፤ ባዝሎን ራሳቸውም መለኪያው እንደከሸፈ አልደበቁም። በሕግ ታሪክ ውስጥ የራሱን ልጅ ለመቅበር የቆመ ዳኛ ብዙ አይገኝም።

ቀጥሎ የመጣው ነፋስ ከአዳምስ ሞርጋን ጥቂት እርምጃ ከሚርቀው ከሒልተን ሆቴል ደጃፍ የተነሣ ነው። በመጋቢት 1981 ጆን ሂንክሊ እዚያ ቆሞ ፕሬዚዳንት ሬገንንና ሦስት ሌሎች ሰዎችን አቆሰለ። አንዲት የፊልም ተዋናይን ለመማረክ ነበር። ክርክሩ ሳምንታት ፈጀ፤ የመከላከያው ሐኪሞች ስኪዞፍሬንያ አሉ፣ የዐቃቤ ሕግ ሐኪሞች ራሱን የሚወድ ሰነፍ ወጣት ነው አሉ፤ የአንጎሉ ምስል ሳይቀር ለጁሪው ታየ። በሰኔ 1982 ጁሪው በእብደት ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም ሲል አገሪቱ ጮኸች። ብዙ ሰው ነጻ ተለቀቀ ብሎ ነው የተረዳው። ሂንክሊ የሄደው ወደ ሴንት ኤልዛቤትስ ነው፤ ከሆስፒታሉ ወጥቶ ከእናቱ ጋር እንዲኖር የተፈቀደለት በ2016 ነው፤ ሙሉ በሙሉ ከፍርድ ቤት ቁጥጥር የወጣው በ2022።

ኮንግረሱ በ1984 ሕጉን አጠበበ። እብድ ነበርኩ የሚል ተከሳሽ ራሱ እንዲያስረዳ ሸክሙ ወደ እርሱ ዞረ። ባለሙያው ደግሞ ስለ ሕመሙ ይናገር እንጂ፣ በወንጀሉ ሰዓት ሕጉ የሚጠይቀው የአእምሮ ሁኔታ ነበረው ወይስ አልነበረውም በሚለው የመጨረሻ ጥያቄ ላይ አስተያየት እንዳይሰጥ ተከለከለ። ያ ጥያቄ የጁሪው ነው ተባለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። የ1949 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቁት፣ በአንቀጽ 51 ላይ ፍርድ ቤት ስለ ተከሳሽ ኃላፊነት ሲጠራጠር ባለሙያ እንዲያስመረምር ያዝዛል። ቀጥሎም ዳኛው የሚታሰረው በተረጋገጠው የሳይንስ ግኝት ብቻ ነው፤ ባለሙያው ከግኝቱ ተነሥቶ ስለ ሕግ በሚሰጠው አስተያየት አይታሰርም ይላል። ሕጉ የታወጀው ሴንት ኤልዛቤትስ በሳምንት መጨረሻ ሕመምን እንደገና በተረጎመበት በዚያው ዓመት ነው፤ በእነርሱ 1957፣ በእኛ 1949። አሜሪካኖች ሩብ ምዕተ ዓመት ተጣልተው በ1984 የደረሱበት መሥመር በአዲስ አበባ በወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር። በወረቀት ላይ ማለቴን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ሕጉ እብድና ጤነኛ በሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ አልረካም፤ በአንቀጽ 49 በመካከል ላለው፣ ማስተዋሉ በከፊል ለተጓደለ ሰውም ቅጣት የሚቀንስበት ቦታ አለው። የ1996ቱ አዲስ የወንጀል ሕግም ይህንኑ አደረጃጀት ጠብቋል። ምርመራውን በአመዛኙ የሚሸከመው አማኑኤል ሆስፒታል ነው።

ለመሆኑ ባለሙያው ዕለት ዕለት የሚሠራው ምንድን ነው? ፊልም የሚያሳየን ገዳይ አሳዳጅ ከሥራው ጥቂቱ ቢሆን ነው። አብዛኛው ሥራ ጸጥ ያለ ነው፤ እስር ቤት ውስጥ፣ በጠባብ ክፍል፣ ጠረጴዛ ማዶ ከተቀመጠ ሰው ጋር። ጥያቄውም አብዛኛውን ጊዜ “በወንጀሉ ቀን አብዶ ነበር ወይ” ሳይሆን “ዛሬ ሊዳኝ ይችላል ወይ” የሚል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1960 ዱስኪ በተባለ ሰው ጉዳይ እንደወሰነው፣ ተከሳሹ ከጠበቃው ጋር በማስተዋል መመካከር፣ የተከሰሰበትንም ነገር በእውኑም በምክንያቱም መረዳት አለበት። ባለሙያው ዳኛው ማን ነው፣ ዐቃቤ ሕጉ የማን ወገን ነው፣ ጥፋተኛ ነኝ ካልክ ምን ይመጣል እያለ ይጠይቃል። የሕክምናና የትምህርት መዝገብ ያነባል፤ ዘመድ ያነጋግራል፤ የሚያስመስል ሰው እንዳይሆን የራሱ ፈተናዎች አሉት። ፈተናውም አይሞላም። ቪንሰንት ጊጋንቴ የተባለው የኒውዮርክ የማፍያ አለቃ ለሠላሳ ዓመት ያህል በሌሊት ልብስ መንገድ ለመንገድ እያጉረመረመ ሲዞር፣ ታላላቅ ባለሙያዎች ጽኑ ሕመምተኛ ነው ብለው ፈርመውለታል። በ2003 ማስመሰሉን ራሱ አመነ።

ሐኪም እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ይህ ባለሙያ ግን ሐኪምህ አይደለም። ንግግሩን የሚጀምረው እንዲህ ብሎ መሆን አለበት፦ የምትነግረኝን ሁሉ ለፍርድ ቤት እጽፋለሁ፤ ላትነግረኝም ትችላለህ። ይህ ማስጠንቀቂያ በዋዛ አልመጣም። ቴክሳስ ውስጥ አንድ የአእምሮ ሐኪም ኧርነስት ስሚዝ የተባለን ተከሳሽ ለመዳኘት ይችል እንደሆነ ለማየት አነጋገረው፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ንግግር ይዞ፣ ይህ ሰው ለዘለዓለም አደገኛ ነው ብሎ ለሞት ፍርድ መሰከረበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981 ይህ አይሆንም አለ፤ ሰውዬው ሳያውቅ በራሱ ላይ እንዲመሰክር ተደርጓል ሲል የሞት ፍርዱን ሻረ።

አሁን ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሰው አማርኛ ብቻ የሚናገር ነው እንበል፤ በመካከል አስተርጓሚ አለ። የምርመራው የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙ ጊዜ “ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው?” የሚል ነው። በቅርቡ ከጎንደር የመጡ እናት በትክክል መልሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሊቀሩ ይችላሉ። ስንት ሰዓት ነው ቢባሉ ስድስት ሰዓት ይሳሳታሉ። የተወለዱበት ቀን ደግሞ የስደተኛ ወረቀት የሰጣቸው ቀን ነው። ቀጥሎ “ድምፅ ይሰማዎታል?” ይባላሉ። በእንግሊዝኛ ይህ ጥያቄ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ማለቱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በአማርኛ ጆሮ ያለው ሁሉ አዎ ይላል። አስተርጓሚው የተባለውን ብቻ እንጂ ማብራሪያ እንዳይጨምር የሙያው ደንብ ያስገድደዋል። ደንቡ ተገቢ ነው፤ አስተርጓሚ በራሱ ፈቃድ ማብራራት ከጀመረ የተመረመረው አእምሮ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ጉድለቱን አይቶ ጥያቄውን ማስተካከል ያለበት ባለሙያው ነው፤ ይህንንም ለማድረግ ጉድለት መኖሩን ማወቅ አለበት።

የረቀቀ አስተሳሰብን ለመፈተን ምሳሌያዊ አባባል ማስተርጎም የቆየ ልማድ ነው፤ በመስታወት ቤት የሚኖር ድንጋይ አይወርውር ማለት ምን ማለት ነው ይሉሃል። ሰምና ወርቅ እየለየ ያደገ ሰው፣ የመስታወት ቤት አይቶ ስለማያውቅ፣ “ይሰበራል” ብሎ ዝም ቢል፣ ረቂቅ ሐሳብ አይገባውም ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። ሰይጣን ያዘኝ፣ ዛር አለብኝ፣ የሰው ዓይን ነው ሲል ደግሞ የሚጻፈው ሌላ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የጠበቃው ጥያቄ ነው። መንግሥት የሚከፍለው ጠበቃ ለአንተ ይቆማል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ “መንግሥት እየከፈለው እንዴት ለእኔ ይቆማል?” የሚል ሰው፣ በደርግ ዘመንና ከዚያ በኋላ ያየውን ነው የሚናገረው። በሪፖርቱ ላይ ግን መሠረት የለሽ ጥርጣሬ ተብሎ ሊሰፍር ይችላል። ሰውዬው በእውነት የታመመ ሊሆንም ይችላል፤ ባህሉ ነው ብሎ ማለፍም ሌላው ስሕተት ነው፤ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው እስር ቤት ይበሰብሳል። ዋሽንግተን በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ቅጹ ተተርጉሟል። የሰውን ልብ ለመመዘን የተሠራው ፈተና ግን፣ በየትኛው ሕዝብ ላይ ተሞክሮ ነው ይህ ነጥብ ዝቅተኛ የተባለው ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ ወገን አይመጣም።

ሳይግባቡ መዳኘት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል የሚያሳየው ሰው ከዋሽንግተን ውጭ፣ ኢንዲያና ውስጥ ነው ያለው። ቲዮን ጃክሰን መስማትና መናገር የማይችል፣ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ፣ የአእምሮ እድገቱ የተወሰነ፣ በምልክት ቋንቋም በጥቂቱ ብቻ የሚግባባ የሃያ ሰባት ዓመት ሰው ነበር። በ1968 በሁለት ቅሚያዎች ተከሰሰ፤ አንደኛው አራት ዶላር የሚያወጣ ቦርሳ ከነዕቃው፣ ሁለተኛው አምስት ዶላር። የመረመሩት ሐኪሞች ክሱን ሊረዳ አይችልም፣ ወደፊትም የሚችል አይመስልም አሉ። ፍርድ ቤቱም እስኪሻለው ድረስ በሆስፒታል ይያዝ ብሎ አዘዘ። ጠበቃው፣ ከማይድንበት ነገር እስኪድን መጠበቅ ያልተፈረደበት የዕድሜ ልክ እስራት ነው ሲል ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1972 ተቀበለው። ሰው ለመዳኘት አልቻለም ተብሎ ሊያዝ የሚችለው፣ ችሎታውን በቅርቡ የማግኘት ተስፋ አለው ወይስ የለውም የሚለውን ለማወቅ ለሚበቃ ጊዜ ብቻ ነው አለ። ይህ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ጃክሰን ሦስት ዓመት ተኩል ተይዟል፤ ስለ ዘጠኝ ዶላር፣ አንዴም ሳይዳኝ።